የሂባቅ ትርታ

ኡባህ ለሁለተኛ ጊዜ አርግዛ ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። በእኛ አገር ቅዳሜ የሳምንቱ መጀመሪያ የሥራ ቀን ስለሆነ አግዳሚው ወንበር በእርጉዞች ሞልቷል። እሷ ግን እንደ ልማዷ የውሃ ጠርሙስ ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አፏ ቶሎ ቶሎ ይደርቅባታል፤ ዓይኗንም አሸዋ እንደገባበት ሰው ታሻለች። እኔም፣ "አንቺ ልጅ፣ ግመል እንኳ አስር ቀን ትችላለች፤ አንቺ አስር ደቂቃ አቃተሽ?" እያልኩ እቀልድባት ነበር። የአፏ መድረቅ የምን ምልክት እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም። ብዙ የማላውቀው ነገር ነበር።

ስሜ ሙሁቦ ነው። ያን ጊዜ በአዋላጅነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ነበር። ከቡርኦ ከተማ በስተምሥራቅ ባለችው ትንሽ ከተማችን ከሃያ ዓመት በታች የሆነ ሰው ብታገኙ፣ ሲወለድ መጀመሪያ የያዘው የእኔ እጅ ሳይሆን አይቀርም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። ሰው ምን ያህል ያምነኝ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የኡባህ የመጀመሪያ ልጅ ሞቶ ነው የተወለደው። ወንድ ነበር። ሆዱና ፊቱ አባብጦ ነበር። ጠቅልዬ ለአባቱ ለሂርሲ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሂርሲ በግና ፍየል ጭኖ ወደ በርበራ ወደብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ የዚያን ቀንም ዝም አለ። ዝም ያላለችው እናቱ ኢባዶ ናት። ኢባዶ ምላሷ ስለት ነው። "ልጄ ሚስት አገባ ስል ለካ መቃብር ቆፋሪ ነው የቀጠረው" አለች፣ ኡባህ አልጋ ላይ ሆና እየሰማች። ከዚያ ወዲያ ኦድወይኔ ከተማ ያለች አንዲት ልጅ ለሂርሲ ሁለተኛ ሚስት ትሁን የሚል ወሬ ከቤታቸው ጠፍቶ አያውቅም።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ኡባህን አስተኝቼ የፅንሱን ጀርባ በእጄ ፈለግሁ። ስድስት ወሯ ነው። የእንጨቱን ማዳመጫ ሆዷ ላይ አድርጌ ጆሮዬን አስደገፍኩ። ትርታው ወዲያው መጣ፤ ግን ቀርፋፋ ነው። የፅንስ ልብ እንዲህ አይመታም። የፅንስ ልብ ይሮጣል፣ በደቂቃ ከመቶ አስር በታች አይወርድም። ይሄ የእናትየው ነው ብዬ ማዳመጫውን ወደ ሌላው ጎን ወሰድኩት። እዚያም ያው ነው። ያን ቀን ምን እንዳሳሰበኝ እንጃ፣ ጆሮዬን ሳላነሳ በግራ እጄ የኡባህን አንጓ ያዝኩ። በጣቴ ሥር የሚመታው ሰማንያ አራት ነው። በጆሮዬ የሚመታው ሃምሳ ስድስት።

ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደግሜ ቆጠርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩ። ፅንሱ ማዳመጫውን ረገጠው፣ በደንብ አድርጎ ነው የረገጠው። ልቡ እየዘገየ የሚሞት ልጅ ይደክማል፣ እጅ እግሩን ይሰበስባል። ይሄኛው እየተጫወተ ነው።

"ምነው አክስቴ፣ ዝም አልሽ?" አለች ኡባህ።

"እየቆጠርኩ ነው፣ ልጄ።"

ግን እየቆጠርኩ አልነበረም። የመጀመሪያው ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው። ያን ጊዜም እንዲህ ያለ ቀርፋፋ ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ ስልሳ ሁለት። የእናቱ ነው ብዬ አለፍኩት። አንጓዋን አልያዝኩም። በስተግራ በኩል ከሩቅ ፈጠን ያለ ነገር የሰማሁ መሰለኝና ካርዷ ላይ "ደህና" ብዬ ጻፍኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ልጁ የሞተው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያ ስልሳ ሁለት የማን እንደነበር የገባኝ አሁን፣ ጣቴ አንጓዋ ላይ እንዳለ ነው። ካርዷን ስቤ "ሃምሳ ስድስት" ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ሂርሲ መኪና ተዋሰና ሦስታችን ሐርጌሳ ሄድን። እዚያ የልብ ነገር የሚያውቅ ዶክተር ጉሌድ የሚባል ወጣት ሐኪም አለ። ኡባህን አስተኝቶ በአልትራሳውንድ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። ትንሿ ልብ ትታያለች፣ ከለውዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም።

"ሴት ናት። እዩ፣ የላይኛው የልቧ ክፍል እየሮጠ ነው፣ መቶ አርባ። የታችኛው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመታው፣ ሃምሳ ስድስት። አይሰማሙም" አለ።

"መስማማት አለባቸው እንዴ?" አለ ሂርሲ።

"አለባቸው። ልብ ምቺ ብሎ የሚያዝዛት ሌላ አካል የለም። አንጎል ፍጠኚ ወይም ዝግ በዪ ሊላት ይችላል እንጂ ምቱ የራሷ ነው። እዚህ ላይ፣ የቀኙ ክፍል ጥግ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቦታ አለች። ትእዛዙ የሚነሣው ከእሷ ነው። በመጀመሪያ የላይኛው ክፍል ይጨመቅና ደሙን ወደ ታች ያወርዳል። ትእዛዙ መሃል ላይ ሲደርስ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቆያል፣ ታችኛው ክፍል ደም እስኪሞላ። ከዚያ ይወርዳል፤ ታችኛውም ይጨመቅና ደሙን ወደ ሳንባና ወደ ሰውነት ይገፋዋል። የልጃችሁ ግን መሃል ላይ ያለው መንገድ ተቆርጧል። ትእዛዙ አይወርድም።"

ሂርሲ አገጩን እያሻሸ አሰበ። "ማለት ሹፌሩ ይጮኻል፣ ረዳቱ አይሰማም።"

"እንደሱ ነው።"

"ታዲያ ረዳቱ ምን ያደርጋል?"

"በገዛ ራሱ ይሠራል። ዝግ ብሎም ቢሆን አያቆምም። አላህ ልብን እንደሱ አድርጎ ነው የሠራት፤ የላዩ ዝም ቢል የታቹ በራሱ ይመታል። ልጃችሁን በሕይወት ያቆያት እሱ ነው።"

ኡባህ ጣራውን እያየች፣ "መንገዱን ማን ቆረጠው?" አለች።

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። ስለ አፏ፣ ስለ ዓይኗ፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚያማት የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጠየቃት። ከዚያ ቃሉን እየመረጠ ነገራት። በሰው ደም ውስጥ በሽታን የሚዋጉ ጠባቂዎች አሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ጠባቂዎቹ ወዳጅና ጠላት ይምታቱባቸዋል። እሷን አፏንና ዓይኗን ከማድረቅ በላይ ብዙ አልጎዷትም። ግን በእትብት አልፈው ፅንሱ ጋ ሲደርሱ ያቺን የመሃል መንገድ ያቃጥሏታል። አንዴ ከተቃጠለች አትመለስም። የመጀመሪያውም ልጅ በዚሁ ሳይሆን አይቀርም የሞተው።

"ስለዚህ እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ አይደለሽም። ደምሽ ነው።"

"ደሜ የማን ነው ታዲያ?"

ዶክተሩ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ፅንሷ እንዳላበጠች፣ ቸኩሎ መቅደድ እንደማያስፈልግ፣ ቀኗን ሞልታ እዚያው ሆስፒታል በቀዶ ጥገና እንድትወለድ፣ ከተወለደች በኋላ ምት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ደረቷ ውስጥ ሊቀበርላት እንደሚያስፈልግ ነገረን። መሣሪያውን ለሕፃን የሚተክል ሰው አገራችን ውስጥ የለም፤ ባሕር መሻገር ሊጠይቅ ነው።

ስንወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ስለ ስልሳ ሁለቷ ነገርኩት። "ያኔ አውቄ ልኬልህ ቢሆን ልጁ ይተርፍ ነበር?" አልኩት።

"ያን ጊዜ ማበጥ ጀምሮ ከነበረ አይመስለኝም። ካልጀመረ... ምናልባት። እናቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም።"

በመንገድ ላይ ሂርሲ ለሶላት መኪናውን ሲያቆም ኡባህ ክንዴን ያዘችኝ። "አክስቴ፣ ለኢባዶ ደሟ ነው ብለሽ እንዳትነግሪብኝ። ሂርሲ አይናገርም። አንቺ ከተናገርሽ ግን የኦድወይኔዋ ልጅ በሳምንቱ እቤቴ ናት።"

"አልናገርም" አልኳት።

እቤት ስንደርስ ኢባዶ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ጎረቤቶችም አሉ።

"እህስ? ሐርጌሳ ድረስ ሄዳችሁ ሆድ አይታችሁ መጣችሁ? ይሄኛውስ ይውላል ያድራል ወይስ እንደ ወንድሙ ነው?"

"ሴት ናት። ልቧ ዝግ ይላል፤ በሕይወት ግን አለች" አልኩ።

"ልቧ ዝግ ይላል" አለች ኢባዶ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ። "የእናቷ እጅ ዝግ ማለቱ አንሶን ልጇ ደግሞ ልቧ። እኔ የምለው፣ የልጄ ዘር እዚች ሴት ሆድ ሲገባ ምን እያገኘው ነው?"

ኡባህ መሬት መሬት ታያለች። እኔም አፌን ከፈትኩ። በመንገድ ላይ ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

"ኢባዶ፣ የመጀመሪያውን ልጅ የገደልኩት እኔ ነኝ። ልቡን ሰምቼዋለሁ። ዝግ ይል ነበር። የእናቱ መስሎኝ ደህና ነው ብዬ ሰደድኳት።"

ጎረቤቶቹ እርስ በእርስ ተያዩ።

"ልከሽው ቢሆን ይተርፍ ነበር?" አለች ኢባዶ።

ሐኪሙ የሰጠኝ ቃል "ምናልባት" ነበር። ዋጥኩት። "ይተርፍ ነበር" አልኩ።

ኢባዶ መቁጠሪያዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። "ልጆቼን ያዋለድሽልኝ ብዬ በዚህ ደጅ ስታልፊ ወተት ሳላቀምስሽ አልፈሽ ታውቂያለሽ? ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጪ።"

ተነሣሁ። ስወጣ ኡባህን አየኋት። የረሳሁት ነገር ያን ጊዜ ታወሰኝ። ስለ ስልሳ ሁለቷ እሷም ሰምታ አታውቅም፤ የሰማችው እዚያው፣ ከጎረቤት ጋር ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ምስጋና አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊገምተው ይችላል። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ወሬው እስከ ምሽቱ የመግሪብ ሶላት አዳርሷል። የጤና ጣቢያው ወንበር ሳሳ። እኔ ያዋለድኳቸው ሴቶች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሌላዋ አዋላጅ ሄዱ። አልፈረድኩባቸውም። የኦድወይኔዋ ልጅ ወሬ ግን ቀረ።

ልጅቷ ሐርጌሳ በቀኗ ተወለደች፣ ሂባቅ ተባለች። ዶክተር ጉሌድ የልብ ምቷ በየቀኑ እንዲቆጠርና እኔ እየመዘገብኩ እንድልክለት አዘዘ። ኡባህ ስትመለስ የሕፃኗ ደረት ላይ ሁለት ጣት አድርጋ እንዴት እንደምትቆጥር ላሳያት ጠራኋት። መጣች፣ አየች፣ ተማረች። "ገባሽ?" ስላት "ገባኝ፣ ነርስ" አለችኝ። አክስቴ ማለቷን ተወች።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየማለዳው በስልኬ የድምፅ መልእክት ይመጣል። "ሃምሳ ስድስት።" በማግስቱ፣ "ሃምሳ ሰባት።" ሰላምታ የለውም፣ ሌላ ቃል የለውም። አንዳንዴ ከኋላ ድምፅ ይሰማኛል። ብረት ድስት ሲንኳኳ፣ ሂርሲ ሲያስል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሕፃኗ ስትስቅ። ያችን ደጋግሜ አዳመጥኳት። ሌላውን የምሰማው ከሰው ነው። ጡት ስትጠባ ቶሎ ይደክማታል፣ ግንባሯ ያልባታል፤ ግን ተቀምጣለች፣ ሰው ታውቃለች። ኢባዶ ከእቅፏ አታወርዳትም አሉ። "ይቺ ልጅ ልቧ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ለማንም አይቸኩልም" እያለች በሰሊጥ ዘይት ታሻታለች አሉ።

በስምንተኛ ወሯ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሆስፒታል መሣሪያውን ሊተክልላት ተስማማ። ፓስፖርት ተጠየቀ፣ ፎቶ ተነሣች፣ ወረቀቱ ሐርጌሳ ተላከ። ቁጥሩ ግን መውረድ ጀምሯል። ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ አንድ። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ እሱም በበኩሉ ሌሎች ጋ ደወለ። ሁሉም ቶሎ ይሁን ይላል። ወረቀቱ ግን ቀኑን ጠብቆ ነው የሚሄደው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ "አርባ አራት" አለ ስልኬ።

ደወልኩላት። "ጡት እየጠባች ዓይኗ ተገለበጠ፣ ከዚያ ተመለሰች" አለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ሂርሲ በግ ጭኖ በርበራ ነበር። የጎረቤት መኪና ይዤ እቤታቸው ደረስኩ። ኢባዶ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከበሩ ዘወር አለችልኝ፣ ገባሁ።

ሐርጌሳ በበርበራ በኩል ነው የሚኬደው። ቡርኦን አለፍን። ኡባህ ከኋላ ልጇን ታቅፋለች፣ እኔ አጠገቧ በማዳመጫ የሂባቅን ደረት እሰማለሁ። ሼክ የሚባለውን ተራራ መውረድ ስንጀምር ኡባህ፣ "ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላ አትናገሪ" አለችኝ።

"አርባ።"

ሹፌሩ ጠመዝማዛውን ዝግ ብሎ ይወርዳል። ሂባቅ እናቷን ታያለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እጇ ግን የእናቷን የሻሽ ጫፍ ይዟል።

"ሠላሳ ስድስት።"

"እሺ።"

"ሠላሳ።"

ተራራው ሥር ስንደርስ ቀትር ነበር። ትርታው እየራቀ እየራቀ ሄደ። የታቹም ክፍል በራሱ ሲሠራ ኖሮ ደከመው። ሹፌሩን አቁም አልኩት። ሞተሩ ሲጠፋ በደንብ እሰማ ይሆናል ብዬ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ጆሮዬን አላነሣሁም።

"ቁጥሩን" አለች ኡባህ።

"የለም፣ ልጄ።"

ልጇን አስተካክላ ታቀፈቻት። ለሹፌሩ፣ "መልሰን" አለችው።

ሂባቅን ያንኑ ቀን ዓሥር ሰዓት ላይ ቀበርናት። ሂርሲ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። መኪናውን ከነጭነቱ መንገድ ዳር ትቶ በሌላ ሰው መኪና ነበር የመጣው። መቃብሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ እስኪመሽ አልተነሣም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ሴቶቹ ሩዝ ሲያቀርቡ ኡባህ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"የመጀመሪያው ስንት ነበር?" አለችኝ።

ገባኝ። "ስልሳ ሁለት።"

"ከእሷ ይበልጥ ነበር።"

"ይበልጥ ነበር።"

ሩዙን በጣቷ ገፋ አደረገች። "ልቡን የሰማ ሰው እንዳለ እኮ አላውቅም ነበር። ሆዴ ውስጥ ጭራሽ ያልኖረ ልጅ ነበር የሚመስለኝ።" ቀጠለች፤ "ይተርፍ ነበር ያልሽው እውነት ነው?"

"አላውቅም። ሐኪሙም አላውቅም ነው ያለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልሽ?"

"ኢባዶ ምናልባት የሚባል ነገር አይገባትም ብዬ።"

"ለእኔ ብለሽ ነው እንዳትዪኝ። እኔ በየማለዳው መልእክት ስልክልሽ እየጠላሁሽ ነበር። አንቺን መጥላት ጠቅሞኛል፤ ደሜን ከመጥላት ይሻለኝ ነበር።"

"ካስፈለገሽ ቀጥዪበት።"

"አሁን አቅሙም የለኝ" አለችና ሳህኗን አንሥታ ሄደች።

በሰባተኛው ቀን ኡባህ ራሷ እውነቱን ለኢባዶ ነገረቻት። ስለ ደሟ፣ ስለ ጠባቂዎቹ፣ ስለ ሁለቱም ልጆች። እኔ አልነበርኩም፤ ሂርሲ ነው የነገረኝ። ኢባዶ እስከ መጨረሻው ሰማቻት አለ። ተነሥታ የሂባቅን ልብሶች ሰብስባ አጠበች፣ ገመድ ላይ ሰጣች፣ ከዚያ እዚያው ገመዱ ሥር ተቀመጠች። ኡባህን ክፉ ቃል ዳግመኛ አልተናገረቻትም። እኔን ግን ይቅር አላለችኝም፤ እስክትሞት ድረስ አልተነጋገርንም።

ዶክተር ጉሌድ ለኡባህ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጣት። የሚቀጥለው ልጅ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ መድኃኒቱም ያግዛል አላት። እሷ ሦስተኛ ልብ መቁጠር አልችልም አለች። ሂርሲ ሁለት ዓመት ጠበቃት። ከዚያ ሌላ አገባ፤ የኦድወይኔዋን ሳይሆን በርበራ ያገኛትን። ኡባህ አልተጣላችም። ቡርኦ ጨርቅ የምትሸጥ እህት ነበረቻት፣ ወደ እሷ ልትሄድ ወሰነች።

በሄደችበት ቀን መኪናው ጋ ደረስኩ። ሂርሲ ሻንጣዋን ጭኖ ገመዱን ሁለት ጊዜ አጠበቀው፣ መጥበቁን እያወቀ። ልትገባ ስትል ወደ እኔ ዞራ፣ "ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ነርስ፣ እዚህ አትቁሚ" አለችኝ። እሺ አልኳት። መኪናው ወደ ቡርኦ በሚወስደው መንገድ እስኪታጠፍ ግን ቆምኩ።